ነቀፋ መዝጋቢው

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ያፌት የሳምንቱን የነቀፋ መዝገብ ሊዘጋ ቢሮው ተቀመጠ። ቢሮ ይባል እንጂ ከደረጃ ሥር የተወሸቀች፣ አንድ ወንበርና አንድ ሰሌዳ ብቻ የምትይዝ ጠባብ ክፍል ናት። ከደሴ ወጣ ብሎ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ የቆመው «መንደር አሥራ አንድ» ሦስት ሕንፃ፣ ስልሳ አምስት ቤተሰብ፣ አንድ መዝጋቢና አንድ አፈንጋጭ አለው። መዝጋቢው ያፌት ነው፤ ሥራውን ከያዘ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። አፈንጋጩ ኪሩቤል ይባላል፤ ነውር እየሠራ ሊነቀፍ በፈቃዱ ተመድቦ ከመጣ ገና ሰባት ወሩ ነው።

ሥራው ለነገሩ ቀላል ነው። በየደረጃው ማረፊያና በየበሩ ጉበን ላይ የአዝራር ያህል ነጭ ነገር ተለጥፏል፤ ነዋሪው «ጆሮ» ይለዋል። የድሮ ሰዎች ግድግዳ ጆሮ አለው ሲሉ ለማስፈራራት ነበር፤ የመንደር አሥራ አንድ ሰው ግን ጆሮውን ቅዳሜ ቅዳሜ በደረቅ ጨርቅ ይወለውለዋል። ጆሮው ይሰማል፣ ይቆጥራል፣ አይፈርድም። ለተሰማው ነገር ስም የሚያወጣለት መዝጋቢው ነው። ስሞቹ ሦስት ናቸው፤ ማፈንገጥ፣ ስህተት፣ ሕመም። ያፌት ከሦስቱ አንዱን ካልነካ የተደረገው ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ሰሌዳው የሳምንቱን ዘረዘረለት። ሰኞ፣ የሰማንያ ዓመቱ ጋሽ ሮቤል ሲያልፉ አፈንጋጩ ከተቀመጠበት አልተነሣም፤ አሥራ አራት ሰው «ነውር ነው» ብሏል። ማክሰኞ ልቅሶ ቤት ገብቶ ለሟች ልጆች «አባታችሁን አልወደውም ነበር» ብሏቸዋል፤ ሃምሳ ሁለት ሰው ነቅፏል። ከነቃፊዎቹም አርባው ከዚያ በኋላ አጥር ሥር ቆመው ረዘም ላለ ጊዜ ተጫውተዋል፤ አብሮ የነቀፈ ይቀራረባልና ጥሩ ምልክት ነው። ረቡዕ ሠርግ ቤት ወጡ ጨው የለውም ብሏል፤ ሠላሳ አንድ። ያፌት ሦስቱንም «ማፈንገጥ» ብሎ ነካቸው።

ሐሙስ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ሁለተኛው ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ላይ። አፈንጋጩ «እንዴት አደርክ?» ተብሎ ተጠይቋል። እንደ ሰው «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ማለፍ ሲገባው እንዴት እንዳደረ ተናገረ። እንቅልፍ እንዳልወሰደው፣ የሞተች እናቱን ድምፅ ላስታውስ ቢል እንዳቃተው፣ ያ እንዳስፈራው፣ ፍርሃቱ ብርድ ሆኖበት ሁለት ካልሲ ደርቦ እንደተኛ። በቦታው የነበረ ሰው፣ አንድ። የነቀፈ፣ የለም። ቆይታ፣ አሥራ አራት ደቂቃ። ሌላ ድምፅ፣ የሴት ሳቅ፣ ሁለት ጊዜ። የሴትየዋ ስም ሜላት። ሜላት የያፌት ሚስት ናት።

ሳቁን አንድ ጊዜ አዳመጠ፤ ከዚያ ስድስት ጊዜ። ከጉሮሮ የሚነሣ፣ መሃል ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው ሳቅ ነው። ቤት ውስጥ ይህን ሳቅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማው መቼ እንደሆነ ሊያስታውስ ሞከረ። ዓመቱ ራሱ ጠፋበት።

ቀና። ነገሩን በሌላ ስም መጥራት አይቻልም። ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው ይላሉ፤ የያፌት ቅናት ግን አጥንት ዘንድ ሳይደርስ ከጣቱ ጀመረ። የቀደሙትን ሳምንታት ወደ ኋላ እየገለጠ ፈተሸ። ሜላት በሁለት ወር ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ደረጃው ላይ ከአፈንጋጩ ጋር ቆማለች። አሥራ ዘጠኙንም ጊዜ ቀድማ የጠየቀችው እሷ ናት። አሥራ አንዱን ጊዜ እጇ ላይ የቆሻሻ ከረጢት ነበር። ያፌት ያን ከረጢት ያውቀዋል፤ ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ትወርዳለች ብሎ ልቡ ተገርሞ ነበር፤ ንጽሕና ወዳድ ሚስት አለኝ ብሎም ኮርቷል።

ምሳ ሰዓት ላይ እቤት ገባና እጁን ታጠበ። ሜላት እንዴት እንደዋለ ጠየቀችው፤ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን አላት። እሷስ? እሷም ደህና ነበረች። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሁለቱም ደህና ነበሩ። በጉዳዩ ዙሪያ ጥቂት ከዞረ በኋላ አልቻለም፤ ሐሙስ ዕለት ለምን እንዳልነቀፈች ጠየቃት።

ሜላት አልደነገጠችም። እንጀራውን ቆረሰች፣ ጎረሰች፣ ውጣ እስክትጨርስ አስጠበቀችው።

«ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም» አለች። «የልቡን የሚናገር ሰው መስማት አምሮኝ ነው።»

«እኔ አላናግርሽም?»

«ታናግረኛለህ። ምን እንደምትለኝ ግን ሳትናገረው አውቀዋለሁ።»

ያፌት ምሳውን ሳይጨርስ ተነሥቶ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ከሁሉም ያንገበገበው ሰውየው ያደረገው ነገር ትንሽነት ነበር። ኪሩቤል መልከ መልካም አይደለም፤ ትከሻው ጠባብ፣ ጥርሱ የተራራቀ ነው። ገንዘብም፣ ዘመድም፣ ሙያም የለውም። ያለው ፈቃድ ብቻ ነው፤ ያየውን አየሁ፣ ያሰበውን አሰብኩ የማለት ፈቃድ። ያፌት ይህን ለማድረግ ያንሳል? ምላስ የለውም? እያለ ከራሱ ጋር ሲሟገት ዋለ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ግቢው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ጋሽ ሮቤል ከዘራቸውን እያንኳኩ ብቅ አሉ። አግዳሚው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ብድግ አለ፤ ያፌት አልተነሣም። ጉልበቱ በልማዱ ሊነሣ ሲል በሁለት እጁ ጫን አድርጎ ያዘው። ጋሽ ሮቤል ቆሙ። ሰው ሁሉ አየው። ያፌት አንዲት «ነውር ነው» ጠበቀ፤ ሜላት ሰገነት ላይ ልብስ ታሰጣ ስለነበር እንድትሰማ ፈልጓል።

«ውይ፣ ጉልበቱን አሞት ነው?» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ሜሮን፣ ወደ ሌሎቹ ዞረው።

«ወገቡ ይሆናል» አሉ ጋሽ ሮቤል፤ ጎንበስ ብለውም «አይዞህ ልጄ፣ ምሕረቱን ያምጣልህ» ብለው ትከሻውን ዳበሱት።

ከሰዓት በኋላ አሥራ ሁለት ቤተሰብ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። በመንደሩ የአብሮነት ደንብ በሽተኛ የማይጠይቅ ሰው ከባድ ነቀፋ አለበት፤ ስለዚህ ገና ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ባስተኙበት አልጋ ዙሪያ ወንበር ጠፋ። ያፌት አላመመኝም ቢል ቆራጥነቱን አደነቁለት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይህ ነው። ሜላት እግሩ ሥር ተቀምጣ ብርቱካን ልጣ ሰጠችው፤ አልሳቀችም፤ አዘነችለት እንጂ። ያፌት ሐዘኗን ከሳቋ ጋር አነጻጽሮ ደሙ ፈላ።

ሰኞ ቢሮው ሲገባ የራሱ ድርጊት ሰሌዳው ላይ ስም ይጠብቅ ነበር። መቀመጥ፤ በቦታው የነበረ፣ ዘጠኝ ሰው፤ የነቀፈ፣ የለም። ያፌት ብዙ አየው። ኪሩቤል የዚያኑ ሳምንት ለእኚያው ሽማግሌ ሳይነሣ፣ በዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ያኛው ማፈንገጥ ተባለ፣ ይኼኛው ወገብ። ልዩነቱ ከመቀመጡ ላይ አይደለም። «ሕመም» የሚለውን ነካ፤ የራሱ መዝገብ ተዘጋ። እጁን ከሰሌዳው ሳያነሣ ሐሳቡ መጣለት።

ማክሰኞ ኪሩቤል አንዲትን አራስ ሕፃኗ እንደማያምር ነገራት፤ አርባ ሰባት ሰው ነቀፈ። ያፌት «ሕመም» ብሎ ነካ። ረቡዕ በሕዝብ ስብሰባ መሃል ተነሥቶ ሰልችቶኛል ብሎ ወጣ። ሕመም። ዓርብ ደረጃው ላይ ለሜላት ሕልሙን ተረከላት። ሕመም። ሦስተኛው ሕመም እንደተመዘገበ፣ ደንቡ እንደሚያዘው፣ በየቤቱ ሰሌዳ ላይ አንድ መልእክት ወጣ፤ ጎረቤታችሁ ኪሩቤል ታሟል፣ ጠይቁት።

ጠየቁት። የመንደር አሥራ አንድ ሰው በዚህ አይታማም። እሁድ ጠዋት ምድር ቤት ያለው የአፈንጋጩ ክፍል በር ላይ ሰልፍ ነበር። እስከ ትናንት ገና ሲያዩት ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰዎች ግንባሩን እየዳሰሱ፣ ለካ ነገሩ እንዲህ ኖሯል፣ እኛ እኮ አላወቅንልህም እያሉ ይቅርታ ጠየቁት። ኪሩቤል ከቤቴ ውጡ ብሎ ጮኸ። ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው ይብስበታል ተባባሉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ስልሳ ቤት ብርቱካን ይዞ ገባ። ያፌት በእነዚያ ሳምንታት ጥሩ ተኛ፣ ጥሩ በላ፤ ሚስቱ ስትወርድና ስትወጣ በጆሮ እየተከታተለ ሳቅ አለመኖሩን ያረጋግጥ ነበር። የታመመ ሰው ሲያወራ ማንም አይስቅም።

በአራተኛው ሳምንት ኪሩቤል ቢሮው በር ላይ ቆመ። ከስቷል፤ ሸሚዙን እስከ ላይ ቆልፏል። ከመጣ ጀምሮ ሽማግሌ ሕፃን ሳይል ሁሉንም አንተ ሲል የኖረ ሰው፣ ያፌትን ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አለው።

«ጋሼ ያፌት፣ እባክዎ እንደ ድሮው ይጻፉኝ» አለ። «ሲነቅፉኝ ቢያንስ የተናገርኩትን ይሰሙ ነበር። አሁን አፌን ስከፍት ትራስ ያመቻቹልኛል።»

ያፌት መዝጋቢ የተሰማውን እንጂ የተፈለገውን እንደማይጽፍ አስረዳው። ከዚያ በሩን ዘጋና በልቡ የነበረውን አወጣው፤ ከባለቤቴ ጋር ምን አላችሁ አለው። ኪሩቤል ግራ ገባው።

«ትጠይቀኛለች፣ እመልስላታለሁ» አለ። «ሌላማ ምን አለን?»

ያፌት ሌላ ቢሆን በወደደ። ሌላውማ ደንብ አለው፤ ሽማግሌ አለው፣ ዕርቅ አለው፣ ካሣ አለው። ሴት ጠይቃ ወንድ ስለ መለሰላት ግን ምን ተብሎ ይከሰሳል? ሰውየውን ምሕረቱን ያምጣልህ ብሎ ሸኘው። ይህን ሲል ያፌት ደስ እንዳለው መደበቅ አይቻልም።

በወሩ መጨረሻ ዶክተር ኤልዳና መጣች። በየሦስት ወሩ ከማኅበራዊ ጥናት ቢሮ የምትላክ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች የኅብረተሰብ አጥኚ ናት። የያፌትን ወንበር ይዛ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበች። አፈንጋጭ የሌለው መንደር መሆናችሁን አውቃችኋል ወይ አለችው። ያፌት፣ መንደሩ ጨዋ መሆኑ ምን ክፋት አለው ሲል ጠየቀ።

«አቶ ያፌት፣ ሁሉም ጻድቅ የሆነበት መንደር ቢያገኙ፣ እዚያ መንደር ውስጥ ሲያስነጥስ አፉን ያልያዘው ሰው ወንበዴ ይባላል» አለች፣ የታክሲ ታሪፍ እንደሚናገር ሰው ድምፅዋን ሳትቀይር። «አፈንጋጭ ሆኖ የሚወለድ ሰው የለም። አፈንጋጭ የሚባል ቦታ ነው ያለው። ሰው ምን ነውር እንደሆነ የሚያውቀው እዚያ ቦታ ላይ የቆመውን አይቶ ነው፤ ቦታው ደግሞ ባዶ አያድርም። እናንተ የያዘውን አነሣችሁ። መንደሩ ሌላ አስቀምጧል።»

ሰሌዳውን ወደ እሱ አዞረችለት። በወሩ ከሁሉ በላይ የተነቀፈ ነዋሪ፤ ነቀፋ፣ ስልሳ አንድ። ጥፋት፣ በሽተኛ አለመጠየቅ። ሲነገራት «አላመመውም፣ ብርቱካን ይዤ ሄጄ አልዋሽም» ብላለች፣ በተለያየ ቀን፣ ለስልሳ አንድ ሰው። ስም፣ ሜላት።

ያፌት ያን ወር የሜላትን ሳቅ ብቻ ነበር የሚያዳምጠው። ሌላውን ሁሉ በጅምላ ሲዘጋ ከርሟል። ስልሳ አንድ ጊዜ «ማፈንገጥ» ብሎ የነካው ራሱ ነው፤ ስም አላነበበም።

ደንቡን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ፈቃደኛ በሌለበት መንደር ከሁሉ በላይ የተነቀፈው ሰው ለሁለት ዓመት ቦታውን ይይዛል። ምድር ቤት ባለው ክፍል ብቻውን ይኖራል። ከአፈንጋጭ ጋር ከአንድ ማዕድ የሚቀርብ የለም፤ ባልም ቢሆን፣ ሚስትም ብትሆን። ምደባው የሚጸናው እሁድ፣ በአዳራሹ፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ነው።

እሁድ አዳራሹ ሞላ። ኪሩቤል ከፊት ተቀምጦ ነበር፤ ተላጭቷል፣ ሰዎች አዲስ ጃኬት አዋጥተው ገዝተውለታል። ዶክተር ኤልዳና የሜላትን ስም አነበበች። ያፌት ተነሣ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ አዳራሽ ላይ ተናግሮ አያውቅም። ኪሩቤል ታሞ እንደማያውቅ፣ መዝገቡን አውቆ እንዳጣመመው ተናገረ።

«በቅናት ነው» አለ። «ሚስቴ ለሱ ስትስቅ ሰማሁ። ለእኔ አትስቅም። ቀናሁና ቀማሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔን መድቡኝ።»

ያፌት ነውር ነው የሚለውን ቃል አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። ከኋላ አንዲት ሴት ስትንሰቀሰቅ ተሰማ። ጋሽ ሮቤል ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ እንዲህ ያለ ባል በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል፣ ሚስቱን ለማዳን ሲል በገዛ ስሙ ላይ ጭቃ ሲቀባ አያችሁት አሉ። ሰው አጨበጨበ። ያፌት እውነቴን ነው፣ እውነቴን ነው እያለ ሲለምን ጭብጨባው ባሰ።

ወደ ዶክተሯ ዞረ። ዶክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እሷስ እንደምታምነው ነገረችው።

«ግን ስልሳ ቤት ብርቱካን ይዞ ገብቷል» አለች። «ይኼን በምን ልሰርዘው?»

ሜላት ፈረመች። ማንም አልገፋፋትም፤ ብዕሩን ራሷ ጠየቀች። ከዚያ ሰው ሲበተን ያፌት አጠገብ መጥታ ቆመች፤ በቅናት ነው ያልከው ከልብህ ነው ወይ አለችው። ከልቤ ነው አላት።

«እንግዲያው በሃያ አራት ዓመት ዛሬ ገና ሰማሁህ» አለች። «ይህችን ደጋግማት። ምድር ቤት ብሆንም እሰማሃለሁ።»

ልብሷን በሁለት ሻንጣ ይዛ በማግሥቱ ኪሩቤል ወደለቀቀው ክፍል ወረደች። ያፌት ባዶ ቤት ቀረ፤ ቢሆንም ያን ሳምንት በተስፋ ሰነበተ፤ ያለችውን ነገር ይዞ በየክፍሉ ሲንጎራደድ፣ ሲያገኛት ምን እንደሚላት ሲለማመድ ከረመ። አገሩ ሁሉ ግን ቀደመው። ጠዋት ጠዋት በሯ ላይ ሰው ይቆማል፤ ትናገራለች፤ ይነቅፋሉ፤ ሊነቅፉ የመጡት ግን ቶሎ አይሄዱም። ጋሽ ሮቤል ሳይቀሩ ከዘራቸውን ተደግፈው ሃያ ደቂቃ ሲያዳምጧት ያፌት በሰሌዳው ቆጥሯል። ድሮ በአንድ ሰው ይቀና ነበር፤ አሁን በስልሳ አራት ቤተሰብ ይቀናል።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሜላት ጠረጴዛ ግቢው መሃል አወጣች። ምሳዋን አቀረበች፤ ሁለት ሳህን፣ ሁለት ወንበር። አፈንጋጭ በአደባባይ ሰው ለማዕድ ሲጠራ አልታየም ነበርና ሰው በየሰገነቱ ተንጠለጠለ። «ነውር ነው» ይሉ ጀመር፤ ከሁለተኛው ፎቅ፣ ከሦስተኛው። ኪሩቤል አዲሱን ጃኬቱን ለብሶ ከሌሎቹ ጋር እኩል «ነውር ነው» አለ፤ ድምፁ ከድምፃቸው አይለይም ነበር። ያፌት ሰሌዳውን ደረቱ ላይ ይዞ ከአግዳሚው አጠገብ ቆሟል። ከሐሙስ ምሳ ወዲህ እህል በአፉ አልዞረም። ምድጃ ለብቻው ማቀጣጠል አስጠልቶት፣ ከጎረቤት መለመንም አፍሮ፣ ውኃ እየጠጣ ነው የሰነበተው። የወጡ ሽታ መጥቶ ሆዱን ጨበጠው።

ሜላት ቀና ብላ አየችው። ሌላውን ሁሉ ትታ እሱን ብቻ።

«ያፌት» አለች፣ «ርቦሃል?»

ያፌት መልሱን ያውቀዋል። አንዲት ቃል ናት፤ ሳምንቱን ሙሉ ከተለማመዳቸው ሁሉ ታጥራለች። ወንበሩ ከቆመበት አሥር እርምጃ አይሞላም። ጋሽ ሮቤል እያዩት ነው፣ እትዬ ሜሮን እያዩት ነው፣ ባለፈው እሁድ ያጨበጨበለት ሰው ሁሉ እያየው ነው።

«አይ፣ አሁን ገና በላሁ» አለ። «አንቺ ብዪ።»

ሜላት ምናልባት ይጨምር እንደሆነ ትንሽ ጠበቀችው። ከዚያ ሁለተኛውን ሳህን በአፉ ደፋችው፣ እጇን ታጠበችና ቆረሰች። ያፌት ግብዣዋን ሰሌዳው ላይ «ማፈንገጥ» ብሎ ነካው። እትዬ ሜሮን ከኋላው መጥተው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት፤ ደግ አደረግክ ልጄ፣ አሉት።